ለኮምፒውተር ምሩቋ ልጄ ስለተሰጧት ሥራዎችና ስለ ኮከቡ ግራ እግር

ለተከበሩ ጓድ፣
በከፍተኛችን የምሩቃን ምደባ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለተሰቀለው የግድግዳ ጋዜጣ

መስከረም 1982 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ በፊት ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። በመስከረም ሁለቱ በዓል ያን ሁሉ ሰዓት ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ሳይዎት፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ወገብዎን እንዳይዝዎ ስሰጋ ነበር የዋልኩት። ሦስት ኮሚቴ በአንድ ትከሻ ተሸክሞ፣ በዚያ ላይ ለክብር እንግዶች ፈገግ ማለት ለማንም ቀላል አይደለም። ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነትና በሞቀ ወንበር ላይ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ በጉለሌ ያለን ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

እኔ ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በሴቶች የስፌት ማኅበር ውስጥ የምሠራ ገበያነሽ ዋቅቶላ የምባል የቀበሌው ነዋሪ ነኝ። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ዛሬ ለመጻፍ የደፈርኩት የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ዳኜ «ሂስ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፤ በየጓሮው ማጉረምረም የአድኃሪ ጠባይ ነው» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፉ፣ ዝም ብዬ አድኃሪ እንዳልባል ፈርቼ ነው።

ጉዳዩ የልጄ የሰናይት አድነው ነው። የፊታችን ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ቆማ፣ በበዓሉ ላይ የታየው ኮከብ ግራ እግሩ የጎደለው በእርሷ የሂሳብ ስህተት መሆኑን የሚገልጽ ግለ ሂስ እንድታነብ በኮሚቴዎ ታዝዛለች። ካላነበበች ስሟ ከምሩቃን ምደባ መዝገብ ይሰረዛል። ስሙ የተሰረዘ ምሩቅ በዚህች ከተማ በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ በዘበኝነት እንኳ ሊቀጠር እንደማይችል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎትና። እናት እንደ መሆኔ ከቅዳሜ በፊት ሁለት ነገር ላደርግ ወሰንኩ፤ እስከ ዛሬ ለልጄ ላደረጉላት ሁሉ ላመሰግንዎ፣ የኮከቡ እግር የት እንደ ገባም ላስታውስዎ።

አጻጻፌ ካላማረ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎረቤቴ ወይዘሮ ጀዊሪያ በሱቋ ስኳርና ጨው በምትጠቀልልበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ብዙውን ነገር የማውቀው ከመካከሉ ነው። ለምሳሌ አምና ስለ ምሩቃን ያደረጉትን ንግግር አንብቤዋለሁ። «ከእንግዲህ በከፍተኛችን አንድም ምሩቅ ያለ ሙያው አይመደብም፤ ይህንንም የምናረጋግጠው» ይላል፤ እዚያ ላይ ተቀዷል። ቀሪው በርበሬ ተጠቅልሎበት ወደ ሌላ ቤት ሄዷል። በምን እንደምታረጋግጡት ለማወቅ ዓመት ሙሉ ጓጉቻለሁ።

ሰናይት በመንግሥት ነጻ ትምህርት ኪየቭ ሄዳ ኮምፒውተር ተምራ ከተመለሰች ሁለት ዓመት አልፏታል። የመጣች ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ ሲገባ፣ ጀዊሪያ «ኮምፒውተር የሚሉት ነገር እንዲያው ምንድን ነው የኔ ልጅ?» ብላ ጠየቀቻት። ሰናይትም «የታዘዘውን ሳይሰለች የሚሠራ፣ አንዴ የተነገረውን የማይረሳ፣ ለምን ብሎ የማይጠይቅ ማሽን ነው» ብላ መለሰችላት። ጀዊሪያ ትንሽ አሰበችና «ይህንንማ ባሌ እኔን ሲያገባ አግኝቶታል፤ ለዚህ ነው እንዴ ባሕር ያሻገሩሽ?» አለች። ያኔ ስቀን ነበር። ማሽኑ ለምን ብሎ አለመጠየቁ በከፍተኛችን ውስጥ ምን ያህል የሚፈለግ ጠባይ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

አንደኛ። ስለ መጀመሪያው ምደባ።

ልጄን ስሙን ወደማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስለመደቧት ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቤቱ እውነተኛ ኮምፒውተር ያለው ነበርና። ኮምፒውተሩ በስጦታ ሲመጣ፣ ሙቀት ስለማይወድ አብሮት አየር ማቀዝቀዣ መጥቷል። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ «ማሽኑ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው፤ የሚያልበኝ እኔን ነው» ስላሉ ማቀዝቀዣው ወደ እርሳቸው ቢሮ ተዛወረ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ክፍል ደግሞ ኮምፒውተሩን ማብራት በመመሪያ የተከለከለ ነው። ስለዚህ እንዲሸፈን ተወሰነ።

ሽፋኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ማኅበራችን ታዞ፣ ክብሩን የሚመጥን ይሁን ስለተባለ ከቀይ ከፈይ ቆርጬ፣ ዙሪያውን በቢጫ ዘርፍ ከፈፍኩት። ልኩን ስወስድ ጃኬት ሊያሰፋ የመጣ አንገት የሌለው ወፍራም ሰው ይመስል ነበር፤ እጁን እንዲያነሳልኝ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝ። የልጄ ሥራም በዚሁ ተወሰነ፤ እንግዳ ሲመጣ ሽፋኑን መግፈፍ፣ እንግዳው ካጨበጨበ በኋላ መመለስ። የኪየቭ ስድስት ዓመት ትምህርት ለዚህ አይበዛም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ዘርፉ እንዳይተሳሰር አድርጎ ማጠፍ የራሱ ጥበብ አለው።

አንድ ቀን ግን ሰናይት፣ ሥራ አስኪያጁ በሌሉበት ማሽኑን አበራችው። ወዲያው ያለ መመሪያ የሕዝብ ንብረት በመነካካት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሥራ አስኪያጁ ግን ደግ ሰው ናቸው፤ አስጠርተው እንደ አባት መከሯት። «ልጄ» አሏት፣ «ያልተነካ ዕቃ አይበላሽም። እኔስ እዚህ ወንበር ላይ ይህን ያህል የቆየሁት በምን ይመስልሻል?»

ልጄ ከዚያ ቤት የወጣችው፣ ለሽፋን ገፋፊነት ምሩቅ አያስፈልግም፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደርባ ትሠራዋለች ተብሎ ነው። በዚህ ረገድ ውሳኔው ትክክል እንደነበር በሂስ መልክ ሳይሆን በአድናቆት እመሰክራለሁ።

ሁለተኛ። ስለ ሁለተኛው ምደባ።

ቀጥለው የኮምፒውተር አስተማሪ አድርገው ወደ አንድ ትምህርት ቤት ላኳት። ኮምፒውተር አልነበረም። ኮሚቴዎ «እርሱ ወደፊት ይላካል፤ አንቺ ቀድመሽ ሂጂ» ብሏት ስለነበር፣ ቀድማ ሄዳ ጠበቀችው። እስኪመጣ ድረስ ተማሪዎቹ ከቤታቸው ካርቶን እያመጡ፣ የማሽኑን ፊደላት በቀለም ሥለው፣ ካርቶኑን በጣት መጫን ተለማመዱ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ተሳስቼ ስጫን ምን ይላል?» ብሎ ጠየቃት። «ምንም አይልም፤ ካርቶን ነው» አለችው። «እንግዲያው ተሳስቼ አላውቅም ማለት ነው!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ይህ ልጅ ሩቅ እንደሚደርስ፣ ምናልባትም ኮሚቴ እንደሚመራ ተስፋ አለኝ።

ለጉብኝት የመጡት ተቆጣጣሪም አንድም ማሽን ያልተሰበረበት ትምህርት ቤት ይህ ብቻ ነው ብለው በአርአያነት መዝግበውታል። ትምህርቱ የቆመው በሌላ ምክንያት ነው። ክረምቱ ሲገባ ለመስከረም ሁለቱ በዓል ካርቶን ስለተፈለገ ካርቶኖቹ ተሰበሰቡ፤ መምህሯም አብራ ተሰበሰበች።

እዚህ ላይ ልጄ ከሌሎቹ ተለይታ ተበደለች እንዳልል ያደረገኝ አብሯት የተማረው የቶለሳ ነገር ነው። ቶለሳ በኮሚቴዎ ደብዳቤ ሸጎሌ የከብት ገበያ በር ላይ ተመድቦ፣ በሚገቡት በሬዎች ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፋል። ባለፈው ቤታችን መጥቶ ሥራው እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው «እትዬ ገበያነሽ፣ በሙያዬ ነው የምሠራው፤ ዳታ አስገባለሁ፤ ችግሩ አንዳንዱ ዳታ ይራገጣል» አለኝ። ሱሪው ላይ የሰኮና ምልክት ነበረበት፤ ጠቀምኩለት።

ሦስተኛ። ስለ ዳገቱ።

ሦስተኛው ምደባ እርስዎ ራስዎ በቦታው ተገኝተው የሰጡት ስለሆነ ምስጋናዬም ከፍ ያለ ነው። ከሸጎሌ በታች ባለው ዳገት የቀበሌዎቹን ወጣቶች ሁሉ በመስመር አስቀምጠው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ፊቱ ቀይ አንድ ፊቱ ቢጫ የሆነ የካርቶን ሰሌዳ አስይዘው፣ ልጄን አስጠሩና በእጅዎ ዳገቱን አሳዩዋት። «ኮምፒውተር የለም የሚለው የጠላት ወሬ ነው» አሏት። «ይኸውልሽ ኮምፒውተር፤ ያውም የሚዘምር!»

ለማያውቅ የግድግዳ ጋዜጣው አንባቢ ላስረዳ። ወጣቶቹ በዳገቱ ላይ ተርታ ተርታ ይቀመጣሉ። ከታች ያለው ሰው ባንዲራ ከፍ ሲያደርግ የተነገራቸው ብቻ ሰሌዳቸውን ወደ ቢጫው ይገለብጣሉ፤ ሌሎቹ ቀዩን ይዘው ይቆያሉ። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ምንም አይደለም፤ አንዲት ነጥብ ነው። ከማዶ ከዳሱ ሆኖ ለሚያይ ግን ነጥቦቹ ተሰብስበው በቀይ መሬት ላይ ትልቅ ቢጫ ኮከብ ይሆናሉ። ማን ቢጫውን፣ ማን ቀዩን፣ መቼ እንደሚያወጣ ማስላት ነበር የሰናይት ሥራ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ልጄ ይህን ሥራ ወደደችው። ከኪየቭ ከተመለሰች ጀምሮ የተማረችውን ስትሠራ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። የነሐሴ ዝናብ ቀለሙን እያጠበው፣ ልጆቹ መዳፋቸው ቀይ ሆኖ ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ እርሷ ድምፅዋ ተዘግቶ እየሳቀች ትመጣ ነበር። የእያንዳንዱን ልጅ ስምና ጠባይ ታውቃለች፤ ማን እንደሚያንቀላፋ፣ ማን ከጎኑ ያለችውን ልጅ ሲያይ ባንዲራው እንደሚያመልጠው። የጀዊሪያ ልጅ ሸፊ የግራው እግር ጫፍ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሰሌዳውን ከሁሉ ቀድሞ እየገለበጠ ስላስቸገራት «አንተ ልጅ፣ ኮከቡ እኮ ያንተ ብቻ አይደለም!» ብትለው «እኔ ከሌለሁ ግን አይቆምም፤ እግሩ ነኝ» እያለ ያሾፍባት ነበር። በበዓሉ ዋዜማ ሰሞን በተደረገው ልምምድ ኮከቡ ከነአምስት ጫፉ ሙሉ ሆኖ ወጣ። እርስዎም ከወንበርዎ ተነስተው አጨበጨቡ። ይህን የማነሳው ሂሳቡ ያኔ ትክክል እንደነበር ምስክሩ የእርስዎ ሁለት እጆች መሆናቸውን ለማስታወስ ነው።

አራተኛ። ስለ ሸራ ጫማ።

የኮከቡ ሁለት እግሮች ዳገቱ ግርጌ፣ ለእንግዶቹ ቅርብ ሆነው ስለሚቀመጡ፣ ባዶ እግርና የተቀደደ ጫማ ለክብር እንግዳ እንዳይታይ ማሰብዎ አስተዋይነትዎን ያሳያል። ስለዚህ የእግሮቹ ልጆች አዲስ ሸራ ጫማ እንዲታደላቸው ታዘዘ። የግራው እግር በመጀመሪያው ቀን፣ የቀኙ በማግሥቱ ተራ ተሰጣቸው። ቦታው የኮሚቴዎ መጋዘን ነበር። ቤቱ በመንግሥት ሳይወረስ በፊት የእኛ የጸሎት ቤት ስለነበር፣ ሰው በሩ ላይ ተሰልፎ በተስፋ ሲጠብቅ ማየት ለእኔ አዲስ አይደለም።

ሸፊ የዚያን ዕለት ጠዋት እግሩን በሳሙና ታጥቦ ነው የሄደው። ጀዊሪያ «ለጫማ ነው ለኒካሕ?» ብላ ቀልዳበታለች። «እማዬ፣ እግሬ ሰፊ ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ቀድሜ ካልያዝኩ ያልቅብኛል» ብሏት እየሮጠ ወረደ። ሱቋ በር ላይ ቆማ ያየችው ጀርባውን ነው።

ከመጋዘኑ በስተጀርባ ሸራ የለበሰ መኪና ቆሞ ነበር። የግራው እግር በሙሉ፣ በፊት በር እየገባ በኋላ በር ወጣ። እንደሰማነው ከሆነ ጫማውስ ተሰጥቷቸዋል፤ የወታደር ቦቲ ነው። ቃል የገቡትን ጫማ ከነካልሲው ስላሟሉ፣ ምስጋናዬን ወደ ሦስተኛው ኮሚቴዎ እንዲያስተላልፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በማግሥቱ የቀኙ እግር ጫማ ሊወስድ አልመጣም። ይህም የሰናይት ጥፋት አይደለም፤ የሰፈር ወሬ ከማንኛውም ኮምፒውተር ይፈጥናል።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱብኝ። ብሔራዊ ውትድርና ሕግ መሆኑን አውቃለሁ፤ በቁራጭ ጋዜጣም ቢሆን አንብቤዋለሁ። የእኔ ጥያቄ የሂሳብ ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ልጅ በአንድ ሰዓት በጉለሌ ዳገት ላይ ቢጫ ሰሌዳ፣ በሰሜን ተራራ ላይ ደግሞ ጠመንጃ ሊይዝ አይችልም። ሁለቱን የሚፈልጉት ሁለት ኮሚቴዎች ቢሆኑ ኖሮ አልተነጋገሩም ብዬ አልፈው ነበር። ነገር ግን የሁለቱም ሊቀመንበር እርስዎ ስለሆኑ፣ የበዓሉ ሊቀመንበር የምልመላውን ሊቀመንበር መስተዋት ፊት ቆመው ሊጠይቋቸው ይችሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት በቅንነት ነው።

አምስተኛ። ስለ በዓሉ ዕለት።

ሰናይት የግራው እግር ባዶ መሆኑን ለጓድ ዳኜ አስቀድማ ነግራቸዋለች። ከሌላ ቦታ ልጆች አንስተሽ ሙይበት ቢሏት፣ ከየት ባነሳ እዚያ ይጎድላል አለቻቸው። «እንግዲያው ዝም ብለሽ ባንዲራሽን አንሺ፤ ከሩቅ ማን ይቆጥራል?» አሏት። አነሳች። የማርሽ ባንዱ ነፋ፣ ሰሌዳዎቹ ተገለበጡ፣ ኮከቡም በአንድ እግሩ ቆሞ ወጣ። በጎደለው በኩል የሚታየው ሣር ብቻ ነበር፤ ሣሩ ላይ ባለቤት ያጡ ሰሌዳዎች ተዘርግተዋል።

እርስዎም ለእንግዶቹ ሲያሳዩ የዘረጉት እጅ እዚያው አየር ላይ ቀርቶ «የኮከቡ እግር የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ድምፅ ማጉያው ክፍት መሆኑን የነገረዎት አልነበረም። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት «መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ!» ብላ መለሰችልዎ። ጓድ ዳኜ እስከ ዛሬ ያችን ሴት እየፈለጉ ነው። እኔ እንዳልሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል፤ ዝምተኛ ነኝ። ጀዊሪያም አይደለችም፤ ጀዊሪያ በዚያ ሰዓት ዳገቱ ላይ ወጥታ የልጇን ሰሌዳ ከሣሩ ላይ እያነሳች ነበር። ማንሳቷን ሁላችንም አይተናል፤ የከለከላትም ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ኮሚቴዎ ተሰብስቦ ጥፋቱ የኮምፒውተር ምሩቋ የሂሳብ ስህተት ነው፣ ምናልባትም አሻጥር ሊሆን ይችላል ብሎ ወሰነ። ጓድ ዳኜ ግለ ሂሱን ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው አርመው ቤታችን ድረስ ይዘውልን መጡ። እንዲህ ያለ አገልግሎት በሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ሰው ጥፋቱን እንኳ ሳይደክም ተሠርቶ ይመጣለታል። «አንቺ ማንበብ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምድብሽን አሁኑኑ እናስተካክላለን» አሏት። ሰናይት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ጓድ ዳኜ፣ ሂሳቡን ተሳስቻለሁ ካልኩ እነዚያ ልጆች መጀመሪያም ቦታቸው ላይ አልነበሩም ማለት ነው። ሸፊ አልነበረም ማለት ነው» አለቻቸው። እርሳቸውም «አንቺ ልጅ፣ የምንፈልገው ስህተት እንጂ ማብራሪያ አይደለም» ብለው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ልጄ በዚያ ምሽት አላለቀሰችም። እኔ ግን ፈራሁ፤ አሁንም እፈራለሁ። ሥራ አጥታ ስትቀመጥ፣ የተማረችው ሁሉ ቀስ እያለ ከጣቷ ሲጠፋ እንዳላይ ፈራሁ። አንብቢውና ይለፍ፣ ማን ያስታውሰዋል ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያው ሰዓት ጀዊሪያ አንኳኳች።

ጀዊሪያ አሁን ጋዜጣ ሳይነበብ አትቀድም። ለመጠቅለያ የምትገዛውን ሁሉ ሙሉውን እንዳለ ወደ እኔ ታመጣና «ገበያ፣ የሰሜኑ ነገር ካለ አንብቢልኝ፤ ከሌለ ጨው እጠቀልልበታለሁ» ትለኛለች። እያንዳንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነብላታለሁ። የምትፈልገው ስም አይገኝም። የድል ዜናው ግን ብዙ ስለሆነ ጨው የሚጠቀለልበት አላጣችም። የዚያን ማታም ካነበብኩላት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጓድ ዳኜን ወረቀት አይታ «ይህስ ምን ይላል?» አለችኝ። ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። ልጇ ከቦታው እንዳልነበረ የሚናገር ጽሑፍ በዚያች ሴት ፊት ድምፅ አውጥቼ ማንበብ አቃተኝ። በቤቴ ማንበብ ያቃተኝን፣ ልጄ በአዳራሽ ታንብብ ልላት አልችልም።

በዚህ ሰበብ ዜናን ከነመጀመሪያውና ከነመጨረሻው ማንበብ ስለጀመርኩ ባለውለታዬ ነዎት። ከጀዊሪያ አሮጌ ጋዜጦች መካከልም ያልተቀደደ ቅጂ ተገኝቶ፣ ዓመት ሙሉ ስጓጓለት የነበረውን የንግግርዎን መጨረሻ አነበብኩት። አንድም ምሩቅ ያለ ሙያው እንደማይመደብ በምን ታረጋግጡ ኖሯል? «ይህንንም የምናረጋግጠው» ካሉ በኋላ ያለው፣ በቅንፍ የተጻፈ «የጋለ ጭብጨባ» የሚል ብቻ ነው።

እንግዲህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅዳሜ ሰናይት አዳራሹ ትገኛለች። ግለ ሂስም ታቀርባለች፤ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። የምታነበው ግን ራሷ የጻፈችውን ይሆናል። እንዳይደነግጡ ከወዲሁ ላሳውቅዎ፤ አጭር ነው። «ስህተቴ፣ ጫማ ሊወስዱ የሄዱት ልጆች ይመለሳሉ ብዬ ማስላቴ ነው» ይላል። ከዚያ የግራውን እግር ልጆች በየስማቸው ትጠራለች። በአዳራሹ እናቶቻቸው ስለሚኖሩ፣ አቤት የሚል አይጠፋም ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በኋላ ስሟን ቢሰርዙትም አይከፋኝም ልል ነበር፤ ይከፋኛል። ግን እቤቴ ገብታ ጀዊሪያን ቀና ብላ ማየት የማትችል ልጅ ከምትኖረኝ፣ ሥራ የሌላት ልጅ ትኑረኝ።

በበኩሌ ስለ ሁሉም ነገር አመስግኜ ልሰናበት። ልጄን የከፈይ ሽፋን አጣፊ፣ የካርቶን አስተማሪና የኮከብ ተጠያቂ ስላደረጓት፣ ቶለሳንም ከበሬ ጋር ስላስተዋወቁት፣ የሰፈራችንን ልጆች ከነእግራቸው ስለተቀበሉን፣ ለእኔ ለመሃይሟም የምጽፈው ነገር ስለሰጡኝ፣ ውለታዎ ይህ ነው ተብሎ አይለካም። ሦስቱ ኮሚቴዎች አንድ ቀን እርስ በርሳቸው ተዋውቀው ሰላም እንዲባባሉ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ዳስዎ እንዳያፈስ፣ ድምፅ ማጉያዎም በሚፈልጉት ሰዓት እንዲዘጋልዎ እመኛለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
የእርስዎ ታዛዥ፣ የመንገዱ ዳር ሰፊ፣ የጋዜጣ ቁራጭ አንባቢ፣
የሰናይት እናት
ገበያነሽ ዋቅቶላ

በድጋሚ የማሳስበው፦ ለመጪው በዓል ኮከቡ እንዲታረም መጠየቅዎን ጓድ ዳኜ ነግረውናል። ሰናይትን ጠይቄያት ነበር። ሂሳቡ የሚታረም ነገር የለበትም፤ የግራው እግር ልጆች ቦታም ለማንም አልተሰጠም ብላለች። የሸፊ ሰሌዳ እናቱ ሱቅ ውስጥ፣ ቢጫው ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጧል። ልጆቹን ይመልሱልን፤ ኮከብዎ በራሱ ይቆማል።